አባዬን በዙሪክ አጥቂ

ሜዳው በበረዶ ሲሸፈን ቤቱ ቁጭ ብሎ ተጫዋች የሚለዋውጥ ደጋፊ አጋጥሟችሁ ያውቃል? የእኛው ጋሽ ተፈራ ናቸው። የእግር ኳስ ቡድናችን፣ የጄኔቫ ሐበሾች፣ መሃል ሜዳን ማለፍ ይፈራል፤ ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ ተከላካዩ አባዬ፣ ጌታቸው ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ተፈራ እኛ ቤት ምሳ እየበሉ፣ "ጌታቸውን ለዙሪክ ሐበሾች ሰጥተን አጥቂያቸውን እንውሰድ!" አሉ። እዚያው አባዬ ፊት!

"ከደርግ ያመለጥኩት እኮ በጥንቃቄ ነው!" አለ አባዬ።

እኔ ግን ጨነቀኝ። ለዙሪክ ከተሰጠ ቅዳሜ ቅዳሜ ፕላንፓሌ ገበያ ማን ይወስደኛል?

እማዬ ጥቂት አሰበችና፣ "ለመሆኑ የዙሪኩ ሰሃን ያጥባል?" ብላ ጠየቀች።

"እንዴታ! ሲያጥብ በዓይኔ አይቻለሁ" አሉ ጋሽ ተፈራ።

እመኑኝ፣ አባዬ ሰሃኖቹን ሰብስቦ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መሃል ሜዳውን አልፎ ኩሽና ገባ።