ሽማግሌ ሦስተኛው ፍሬን ነው

ወገኖቼ፣ በጠጠር መንገድ እንደኔ ብስክሌት የሚያበር ደሴ አልወለደችም። ታዲያ ጓደኛህ ሰይድ እንዴት ቀደመህ ትሉኛላችሁ? ፍሬን ይዞኝ ነዋ! የወሎ ብስክሌተኛ ፍሬኑ ሦስት ነው፤ ሦስተኛው ሽማግሌ ነው።

ሁለታችንም የምንመኛት ዘሃራ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስትሠራ አድራ ጠዋት ስትወጣ፣ እሷ ከምትጠብቅበት ቦርከና ድልድይ ቀድሞ የደረሰ ከኋላው ጭኖ ሊሸኛት ተወራረድን። እየመራሁ ነበር። ገደሉ ውስጥ ጉም ተኝቷል፣ ወንዙ ከታች ያንሾካሹካል፣ ጎማዬ መሬት መንካቱንም እንጃ። ድንገት አንድ ሽማግሌ መንገዱ ላይ ቆመዋል።

«አሰላሙ አለይኩም አባባ!» አልኩ ሳልወርድ።

«ከላይ ሆኖ ሰላምታ አለ እንዴ? ውረድ እንጂ!»

ወረድኩ።

«እናትህ ደህና ናት?»

«አልሃምዱሊላህ።»

«ላሟስ?»

ላም እንኳን የለንም፤ ሽማግሌውን ከማስከፋ ብዬ «ወለደች» አልኩ።

«ጥጃዋስ?»

ይሄኔ ሰይድ ሽው ብሎ አለፈን። አንገቱንም አላዞረም።

ድልድዩ ጋ ስደርስ ሰይድ አቀርቅሮ ቆሟል።

«አባቴ ደውሎልኛል» አለች ዘሃራ። «እሱን ሰላም ሳይል ካለፈ ሰው ጋር አልሄድም።» ከኔ ኋላ ተቀመጠች።

በረርን እንዳልላችሁ፣ መታጠፊያው ላይ ሌላ ሽማግሌ ቆመዋል። ዘሃራ ቀድማኝ ወረደች። የሷ ሰላምታ ደሞ ከኔም ይረዝማል። ወንዙ ይፈሳል፣ ጉሙ ቀስ እያለ ይነሳል። ማን ቸኮለ?