ቁጥር አምስት ይዘጋ!

[የንግድ ትምህርት ቤት ኮሪደር። በጫፉ ክፍል አንድ የዳቦ ድርጅት ተመራቂዎችን ሊቀጥር ተቀምጧል። ጥንድ ሆነው ስለ ድርጅቱ ጥናት ያስገቡ ሁለት ተማሪዎች በር ላይ ተራ ይጠብቃሉ፦ መምህሩ ጥያቄውን ሳይጨርስ መልስ የሚሰጠው «ስትራቴጂ» እና እሱ ስም ያወጣለት «ገልቱ»።]

ስትራቴጂ፦ የታችኛው ቁልፍ አይቆለፍም አልኩህ! ክፈተው!

ገልቱ፦ ካልተቆለፈ ለምን ሰፉት?

ስትራቴጂ፦ የኮት ሕግ ነው! ሥራ አስኪያጅ የታችኛውን አይቆልፍም።

ገልቱ፦ ይሄ እኮ የእህቴ ባል ኮት ነው። እሱ ዘበኛ ነው፤ ሁሉንም ይቆልፋል።

ስትራቴጂ፦ [ራሱ እየከፈተለት] ካንተ ጋር ያጣመሩኝ ቀን ነው ጉድ የሆንኩት። ለመሆኑ ኔትዎርክ አለህ?

ገልቱ፦ [ስልኩን አውጥቶ] ሁለት መስመር። መስኮቱ ጋ ብሄድ ሦስት ይሆናል።

ስትራቴጂ፦ የሰው ኔትዎርክ! የሚያውቅህ ትልቅ ሰው!

ገልቱ፦ እህቴ አለች። በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች።

ስትራቴጂ፦ በስመ አብ! እሺ፣ «ደካማ ጎንህ የቱ ነው?» ቢሉህስ?

ገልቱ፦ የቀኙ። ብርድ ሲሆን ይወጋኛል።

ስትራቴጂ፦ «ሥራ አበዛለሁ» ነው የሚባለው፣ አንተ ገልቱ!

ገልቱ፦ ውሸት አይሆንም?

ስትራቴጂ፦ ቃለ መጠይቅ ነው እንጂ ንስሐ አይደለም!

ገልቱ፦ እኔ ሥራውን እፈልገዋለሁ። የእህቴ ባል ማዕድ ላይ ስቀርብ ሰዓቱን ማየት ጀምሯል። ስለ ጥናቱ ቢጠይቁኝስ?

ስትራቴጂ፦ እሱን እንዳትነካው! አርባ ገጽ ነው፣ ከነባለቀለም ግራፉ። ወጪ ለመቀነስ ከአምስቱ የዳቦ ሱቆቻቸው ቁጥር አምስት ይዘጋ ብያለሁ፤ አለቀ።

ገልቱ፦ ስለሱ እኮ ነው... ቁጥር አምስት ሄጄ ነበር። በጣም ይሞቃል።

ስትራቴጂ፦ ምኑ ነው የሚሞቀው? ዓመቱን ሙሉ አንድ ደንበኛ ዝር አላለበትም! ሽያጩ ዜሮ፣ የመብራት ወጪው ሰማይ!

ገልቱ፦ ቤቱ ነው የሚሞቀው። ደግሞ ሠራተኞቹ ነጭ በነጭ ሆነው...

ስትራቴጂ፦ ይነጣላ! የሥራ ፈት ልብስ በምን ይቆሽሻል?

ገልቱ፦ ዱቄት በመኪና ይገባል፣ ከዚያ በኋላ...

ስትራቴጂ፦ አየህ? ይበላል እንጂ አይሸጥም! እኔ አራት ሌሊት ቁጥር ስፈጭ ያላየሁትን አንተ በታክሲ ሄደህ ልታየው? ማን ሠራው ካሉህ የኔን ስም ብቻ ጥራ። ክብሬን ከገልቱ ጋር አልካፈልም!

[በሩ ይከፈታል። ገልቱ ተጠርቶ ይገባል። ስትራቴጂ ስልክ ይደውላል።]

ስትራቴጂ፦ ሄሎ አባዬ! እንደተቀጠርኩ ቁጠረው። ለጎረቤት ነገርክ? ለሁሉም? ጎበዝ! ... ጓደኛዬማ ምስኪን ነው፤ ወንበር ሳገኝ ፋይል አሸክመዋለሁ።

[ገልቱ ይወጣል።]

ስትራቴጂ፦ [ስልኩን ዘግቶ] እህሳ? ጥናቱን አነሡት?

ገልቱ፦ ሌላ ምን አነሡና! ሦስቱም ጠያቂዎች እየተቀባበሉ ሲያነቡት ነበር።

ስትራቴጂ፦ ፊታቸውስ?

ገልቱ፦ ሴትየዋ እንባቸውን ይጠርጋሉ።

ስትራቴጂ፦ ልባቸው ተነክቶ!

ገልቱ፦ ሽማግሌው ደግሞ ትን ብሏቸው ውኃ ሰጧቸው።

ስትራቴጂ፦ እንዲህ ያለ ሥራ የት አይተው ያውቃሉ! ስሜን ጠራህ?

ገልቱ፦ ሦስቴ። «ሌላ ሰው አለበት?» ሲሉኝ «ኧረ እሱ ብቻውን ነው» አልኩ። ስምህን አሰመሩበት።

ስትራቴጂ፦ በምን ቀለም?

ገልቱ፦ በቀይ።

ስትራቴጂ፦ ቀይ አስቸኳይ ማለት ነው! ዞር በል፣ ልግባ።

ገልቱ፦ አትግባ። እሱን ማየት አያስፈልገንም ብለዋል።

ስትራቴጂ፦ ያለ ቃለ መጠይቅ?! አባቴ ይህን ሲሰማ!

ገልቱ፦ ኧረ ቆይ። ቁጥር አምስት እኮ ሱቅ አይደለም።

ስትራቴጂ፦ ምንድን ነው ታዲያ?

ገልቱ፦ መጋገሪያው ነው። የአራቱም ሱቅ ዳቦ የሚጋገረው እዚያ ነው። ሽማግሌው «ምድጃውን ዘግተን አየር እንሽጥ?» ሲሉ ነው ትን ያላቸው።

[ስትራቴጂ ግድግዳውን ይደገፋል። ስልኩ ይጠራል። «አባዬ» የሚለውን አይቶ ወደ ኪሱ ይመልሰዋል።]

ስትራቴጂ፦ እያወቅህ ዝም አልከኝ?

ገልቱ፦ ዝም? አፌን በከፈትኩ ቁጥር አንተ ትገባበታለህ እንጂ!

ስትራቴጂ፦ [ድምፁ ዝቅ ብሎ] ማንን ቀጠሩ?

ገልቱ፦ እኔን። ሰኞ እጀምራለሁ።

ስትራቴጂ፦ አንተን?! ምን ችሎታ አይተው?

ገልቱ፦ እኔም ገርሞኛል። «ጥናቱ ላይ አንተ ምን ሠራህ?» አሉኝ። «ምንም» አልኳቸው። ሦስቱም ተነሥተው ጨበጡኝ።