የአራት እጅ ሰልፍ

ለሁለት ሰው የተጻፈ ሙዚቃ ብቻውን የሚጫወት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን እዚሁ አምቦ ገጥሞኛል። የትምህርት ቤታችን የሙዚቃ መምህር ኦቦ ቶለሳ፣ አንድ የጥንት አውሮፓዊ ለአራት እጅ የጻፋቸው ሦስት የሰልፍ ዜማዎች አሏቸው። ሁለት ሰዎች አንድ ፒያኖ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ዜማውን፣ ሌላው ከሥር ምቱን መጫወት አለባቸው። እሳቸው ምቱን ብቻ ይጫወታሉ። ከአግዳሚ ወንበሩም ግማሹን ባዶ ይተዉታል።

“ዜማውንስ ለምን አይሞክሩትም?” አልኳቸው።

“የሰው ቦታ ነው፤ ባለቤቱ ይመጣል” አሉኝ።

እንግዲህ በየዓመቱ የወላጆች ቀን ሲደርስ ተማሪዎቻችን በ“ዱም ጣ፣ ዱም ጣ” ብቻ ተሰልፈው ይገባሉ። ምን ጎደለ ብሎ ማን ይጠይቅ? እኛ ሙሉው ይኼ መስሎን እናጨበጭባለን።

ዘንድሮ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ፣ ጌዶ የምታስተምር የድሮ ተማሪያቸው በወላጆች ቀን መጥታ ከጎናቸው ተቀመጠች። ዜማው ተሰማ። በምት ብቻ መሰለፍ የለመደው ተማሪ እግሩ ተምታታበት። ርዕሰ መምህራችን እየተጣደፉ መጡ።

“ኦቦ ቶለሳ፣ ልጅቷ ረበሸችብን እኮ። የለመድነውን ይጫወቱልን።”

ኦቦ ቶለሳ ምቱን ሳያቋርጡ፣ “ትንሽ ይታገሱኝ” አሉ፤ “እኔም ገና ዛሬ መስማቴ ነው።”