ሰባተኛው ቤተ መጻሕፍት

[በአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ዋና ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ። ባለጋሪው ከአንዱ ቤተ መጻሕፍት ወደ ሌላው መጽሐፍ ያመላልሳል። ዶክተሩ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሁሉ የበላይ ኃላፊ ለመሆን ከሰዓት በኋላ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል።]

ዶክተሩ፦ ስድስት ናቸው አልኩህ፣ ስድስት።

ባለጋሪው፦ ሰባት ናቸው ዶክተር። ሃያ ዓመት ጋሪ የገፋሁት በሰባቱ መሀል ነው።

ዶክተሩ፦ አንተ ግፋ፣ ቆጠራውን ለእኛ ተወው። ዋናው፣ የሕጉ፣ የሕክምናው፣ የምህንድስናው፣ የእርሻው፣ የትምህርቱ። አበቃ።

ባለጋሪው፦ የከብት ሐኪሞቹስ?

ዶክተሩ፦ እሱም ቤተ መጻሕፍት ሆኖ? ከጋጣ ጀርባ ያለ መጋዘን። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ የምዘጋው እሱን ነው።

ባለጋሪው፦ ገብተው ያውቃሉ እንዴ?

ዶክተሩ፦ እኔ? እዚያ ሽታ ውስጥ? እግሬ አልረገጠውም።

ባለጋሪው፦ እዚያ መጽሐፍ የተዋሱ ሰዎች መዝገብ ላይ ስምዎን ያየሁ መስሎኝ ነበር።

ዶክተሩ፦ ሞክሼዬ ይሆናል። ይልቅ ስማ፤ የዶክትሬት ጥናቴ በየቤተ መጻሕፍቱ አንድ አንድ ቅጂ አለ። «የመምህራን አያያዝና ምርታማነት» ይላል። አቧራውን ጠርገህ ሰው ከሚያየው መደርደሪያ ላይ አድርግልኝ።

ባለጋሪው፦ አውቀዋለሁ፣ አንብቤዋለሁ።

ዶክተሩ፦ [ይስቃል] የጀርባውን ቁጥር?

ባለጋሪው፦ ውስጡን። ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር ቁጭ ብዬ አነባለሁ። አንድ ቦታ ግን አልገባኝም።

ዶክተሩ፦ አንድ ቦታ ብቻ? ጠይቅ፣ በአንተ ልክ ዝቅ አድርጌ አስረዳሃለሁ።

ባለጋሪው፦ ገጽ ስልሳ ሦስት ላይ «መምህሩ ጡቱ በለብታ ውሃ ታጥቦ በቀን ሁለት ጊዜ ይታለባል» ይላል።

ዶክተሩ፦ ዘይቤ ነው።

ባለጋሪው፦ እንዲያ ነው? «ወተቱ የቀነሰ መምህር ለሥጋ ይሸጣል» የሚለውስ?

ዶክተሩ፦ እሱ የጡረታ ፖሊሲ ነው። ረቂቅ ነገር ነው፣ አይገባህም።

ባለጋሪው፦ ይሆናል። እኔ መጀመሪያ ያነበብኩት ከብት ሐኪሞቹ ዘንድ ስለሆነ ተምታቶብኝ ነው። እዚያ ያለው ጥናት ጸሐፊው ሌላ ሰው ነው። ቃሉ ግን ቁርጥ የእርስዎ፤ እርስዎ መምህር ያሉትን እሱ ላም ይለዋል።

ዶክተሩ፦ [ዙሪያውን እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ስማኝ ወንድሜ...

ባለጋሪው፦ ወንድም ሆንኩ?

ዶክተሩ፦ ጋሼ፣ ያንን ጥናት አሁኑኑ አውጥተው ይስጡኝ።

ባለጋሪው፦ ይሸታል አላሉም?

ዶክተሩ፦ ስሜ ይጠፋል። ሹመቱ ይቅር፣ ከማስተማሩም እባረራለሁ። ለልጆቼ ብለው።

ባለጋሪው፦ አምና አንድ አንቀጽ ከሰው ቀድተዋል ብለው ሁለት ተማሪ ያባረሩት እርስዎ ነዎት። እነሱም የሰው ልጆች ነበሩ። አንደኛዋ እዚህ ደረጃ ላይ ተቀምጣ እስኪመሽ አለቀሰች። ያኔ ዘይቤ ነው ያላት ሰው አልነበረም።

ዶክተሩ፦ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ጥናቱን ብቻ ይስጡኝ።

ባለጋሪው፦ ወጥቷል።

ዶክተሩ፦ ማን ያወጣዋል? ማንም አያነበውም ብዬ እኮ ነው የመረጥኩት።

ባለጋሪው፦ ኮሚቴው። ጠዋት «የዶክተሩን ጥናት አምጣ» ሲሉኝ፣ «የመጀመሪያውን ነው ሁለተኛውን?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ዶክተሩ፦ [ጋሪው ላይ ቁጭ ይላል] ምን አሉዎት?

ባለጋሪው፦ ሁለቱንም አሉ። አሁን ይነሱልኝ፤ የእርስዎን ከየቤተ መጻሕፍቱ ለቅሜ እንዳመጣ ታዝዣለሁ።