ድንኳኑ ጋ ያልተዘጋው ቴፕ

በታኅሣሥ 2014 መገባደጃ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የሰይድ ሚኒባስ ከመርሳ ወደ ወልዲያ ስትወጣ በአሊ የለቅሶ ድንኳን ፊት ለፊት ሙዚቃዋን እስከ ጥግ ከፍታ አለፈች። ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አብረውኝ የሰሙት ከአርባ አያንሱም። እስከዚህ ያለው አያከራክርም።

ሰይድ እንበለው እንጂ ስሙ ሌላ ነው። እኔ ዕድሜዬን በዜና ሥራ ጨርሼ በጡረታ መርሳ የገባሁ ሰው ነኝ። ዜና ስትሠሩ ከኖራችሁ አንድ አመል ይጠናወታችኋል፦ ሰው ሲያለቅስ «በስንት ሰዓት?» ትላላችሁ፤ ሰው ሲምል «ማን አየ?» ትላላችሁ። ሚስቴ ይህን አመል አትወደውም። የሰፈሩ ቅሬ ግን ወደደውና ጸሐፊ አደረገኝ። ቅሬ ምን እንደሆነ ለወሎ ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ለሌላው ግን፦ ስትሞቱ መቃብር የሚቆፍርላችሁ፣ ድንኳን የሚተክልላችሁ፣ ቤተሰባችሁን ቁጭ ብሎ የሚያስተዛዝንላችሁ እሱ ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው በቁሙ ምንም አይጎድልበትም። የሚጎድልበት ሲወድቅ ነው።

ስለ ሙዚቃው ልንገራችሁ። በእኛ መንገድ ላይ ሚኒባስ የሚታወቀው በታርጋው አይደለም፤ በድምፁ ነው። ውርጌሳ ላይ ቆሞ መኪና የሚጠብቅ ገበሬ፣ ኩርባውን ሳትዞር በፊት የማን መኪና እንደምትመጣ ይነግራችኋል። የሰይድ መኪና በዚህ በኩል የታወቀች ምስኪን ነበረች። ፋብሪካ የሰጣት ሁለት ስፒከር ከዕድሜ ብዛት ወረቀቱ ተቀዶ፣ አምባሰል ሲዘፈንባት ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር። ተሳፋሪው፣ «ሰይዶ፣ ሰውየውን ሐኪም አሳየው እንጂ» እያለ ያሾፍበታል። ሰይድ ይስቃል፤ ግን ይከነክነዋል።

በ2013 ሐምሌ ቆረጠ። እኔም ለመነጽር ጉዳይ ወልዲያ ነበርኩና መመለሻዬ የእሱ መኪና ስለሆነች፣ ጌታቸው የሚባለው የመኪና ቴፕ ሠሪ ደጃፍ ላይ ግማሽ ቀን ቆሜ አየሁ። ጌታቸው የበሮቹን ልባስ ገለጠ፤ አሮጌዎቹን ነቅሎ አዳዲስ አስገባ፤ ከሹፌሩ ወንበር ሥር አምፕሊፋየር ቀበረ፤ ወፍራም ቀይ ሽቦ ከባትሪው ሳበ። መጨረሻ ላይ ከኋለኛው ወንበር ጀርባ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ የጣውላ ሣጥን ሠርቶ ትልቁን ቤዝ ስፒከር ገጠመበት። የተሳፋሪ ጓዝ የሚቀመጥበት ቦታ በሙሉ አለቀ። ከሣጥኑ ጎን ደግሞ ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ በሳ። ስንት ደክሞ የሠራውን ሣጥን ለምን እንደሚበሳ ጠየቅሁት።

«ሣጥን ካልተነፈሰ ድምፁ ይታፈናል፣ ጋሼ» አለኝ።

ጻፍኩት። የማይጠቅም ነገር መጻፍም የዚያው አመል ክፍል ነው።

ሲከፍተው የጎረቤት ሱቅ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ሲሪንቃን ስናልፍ መንገድ ዳር የቆሙ የእርሻ ምርምሩ ሠራተኞች ዞረው አዩን። ሰይድ ያን ቀን የነበረውን ፊት ከዚያ በኋላ አላየሁበትም፤ ምክንያቱም ወሩ ሳይሞላ ጦርነቱ ደረሰ። ጎማዎቹን ፈታ፣ ባትሪውን ጓሮ ቀበረ፣ መኪናዋን በሐብሩ ቆላ ዘመዶቹ ዘንድ በማሽላ አገዳ ከምሮ ደበቃት። አራት ወር ያህል እንዲያ ተኛች። ከእኛ ብዙዎች ያን ያህል አልተመቻቸውም።

ሰፈራችንን ይዘው የቆዩት ታጣቂዎች በታኅሣሥ ሲወጡ ጎረቤታችንን አሊን ገደሉት። አስከሬኑ ከማሽላ ማሳ ውስጥ የተገኘው ከብዙ ቀን ፍለጋ በኋላ ነው። ሚስቱ ዘሀራ ነፍሰ ጡር ነበረች። ድንኳኑን ወደ ወልዲያ በሚያወጣው አስፋልት ዳር ተከልን፤ ከድንኳኑ ሃምሳ እርምጃ አልፎ ደግሞ የሰፈሩ ወጣቶች ገመድ ወጥረው የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ይፈትሹ ነበር። የሚፈልጉት ተደብቆ የቀረ ታጣቂ ነው። ካገኙ ምን እንደሚያደርጉ አልተሸሸገም፤ ዱላውም ሜንጫውም እዚያው ተደርድሯል። ሐዘናችን ገና ትኩስ ነበር። ይህንንም ለማስተባበል አልጽፍም።

እንግዲህ በእኛ አገር ሹፌር ድንኳን ሲያይ ቴፑን ያጠፋል። የተጻፈ ሕግ የለውም፤ ሰካራም ሹፌር እንኳ ያጠፋል። ሰይድ አላጠፋም። እንዲያውም ድንኳኑ ጋ ሲደርስ ከፍ አደረገው። የሠርግ ዘፈን ነበር። ሴቶቹ ለቅሷቸውን አቋረጡ። ያላቋረጡት አንዲት ሴት ብቻ ናቸው፤ የሰይድ እናት እማማ ፋጤ። ከዘሀራ አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ ልጃቸው እንዲያ ሲያልፍ ቀና ብለው አላዩም፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደረታቸውን መቱ። በሐፍረት ነው አልን።

ገመዱ ጋ ወጣቶቹ መኪናዋን ከበቧት። ፍተሻውን ረስተው ስድቡን አዘነቡበት። አንዱ መስተዋቱን በዱላ ሰነጠቀው። «ሂድ ከዚህ፣ ጥፋ» ብለው ገመዱን ራሳቸው ጣሉለት። ቁና ሙሉ እርግማን ጭኖ ወደ ወልዲያ ሄደ።

ቅሬው በሳምንቱ ተሰበሰበ። ዳኛው አባ እንድሪስ ለመፍረድ የማይቸኩሉ ሽማግሌ ናቸው። ሰይድ መጀመሪያ ላይ የድምፁ ማጥፊያ እንቢ እንዳለው ተናገረ። እኔ እንደምታውቁኝ ነኝ፤ ወልዲያ ድረስ ሄጄ ጌታቸውን ጠየቅሁ። ማጥፊያው ደህና ነው አለኝ። ሳልጠይቀው ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረ፤ ሰይድ በዚያው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ከሣጥኑ ተፈትቶ የነበረውን ቤዝ ስፒከር መልሶ አስገጥሟል። ዘሀራም በበኩሏ አንድ ነገር ተናግራ ነበር፤ «ሌላ ቀን ሲያልፍ መሬቱ ከሥሬ ይርድ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን እንደ ጣሳ ነው የጮኸው» አለች። ሁለቱንም ቃል በመዝገቡ ላይ በንጹሕ እጅ ጽሑፍ አሰፈርኩ። ከሥራቸውም፦ «ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የላቸውም።»

ውሸቱን ይዤ ስመለስ ሰይድ ማስተባበሉን ተወ።

«አባ እንድሪስ፣ አጥፍቻለሁ። አፉ በሉኝ» አለ።

«አፉስ እንላለን፣ ልጄ» አሉት። «ለምን እንዳደረግኸው ንገረንና ይቅር እንበልህ።»

«ለዚያ መልስ የለኝም።»

«እናትህ አሮጊት ናቸው፣ ታመዋልም። ነገ የሆነ ነገር ቢመጣ ማን ይቁምልሃል? አስበኸዋል?»

አስቦታል መሰለኝ። «አላህ አለ» ብሎ ተቀመጠ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ፍርድ ግን ይገባል። ሰይድና ቤቱ ለአንድ ዓመት ከቅሬው ተገለሉ። ውሳኔውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያነበብኩትም እኔ ነኝ።

እማማ ፋጤ ዓመቱ ሳይደርስ፣ በየካቲት ሞቱ። ድንኳን አልተተከለም። መቃብሩን የቆፈሩት ሰይድና ከውርጌሳ የመጡ አራት ዘመዶቹ ናቸው። ሬሳው በደጄ ሲያልፍ በመስኮት አየሁ፤ አልወጣሁም። ጸሐፊው ራሱ ውሳኔውን ቢያፈርስ ደንብ ምን ይሆናል ብዬ ነው። የዘሀራ በር ግን ተከፍቶ ነበር፤ አራስ ልጇን ታቅፋ ደጃፏ ላይ ቆማለች። ሰይድ ከአርባው በኋላ ሚኒባሷን ሸጦ ወደ አፋር ወረደ። ገዢው መጀመሪያ ያደረገው ነገር ሣጥኑን አውጥቶ ጓዝ መጫኛውን ማስፋት ነው።

ሰላሙ ወርዶ መንገዱ ከተከፈተ በኋላ፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አንድ ወጣት በሬን አንኳኳ። በግራ እግሩ ያነክሳል። አማርኛው ከአላማጣ ወዲያ የመጣ መሆኑን ይናገራል። የእማማ ፋጤን ቤት ሲጠይቅ ሰዎች ወደ እኔ ልከውት ኖሯል፤ ስለ ሰፈሩ ሰው ሁሉ የተጻፈው እኔ ጋ ነው በሚል። መሞታቸውን ነገርኩት። ከዚያ መቃብሩን እንዳሳየው ለመነኝ፤ ሄድን። ድንጋይ የተደረደረበት ተራ አፈር ነው። እዚያ ተቀምጦ ጉዳዩን በተራ በተራ ነገረኝ። እንደ ልማዴ «መቼ? የት? ማን አየ?» እያልኩ ነበር።

ታጣቂዎቹ ሲሸሹ አብሯቸው ነበር፤ ጭኑን ተመትቶ ከእማማ ፋጤ ጓሮ ወደቀ። ዕድሜው አሥራ ሰባት ነበር። አሥራ አንድ ቀን ከአልጋቸው ሥር ደብቀው ቁስሉን በጨው ውኃ አጠቡለት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እግሩ መሽተት ጀመረ፤ ሲያቃስትም ድምፁን መዋጥ አቃተው። ሰይድ ከሣጥኑ ቤዙን አወጣ፣ የጀርባውን ጣውላ ፈቶ ልጁን ውስጡ አጣጥፎ አስተኛው፣ ጣውላውንም መልሶ በምስማር መታው። ወልዲያ ቁስለኛ ምርኮኛ ለሚያክሙ ሐኪሞች አስረከበው። ልጁ መንገዱን ሁሉ አፉን ከጎን ባለችው ቀዳዳ ላይ ለጥፎ ነበር።

ሙዚቃውን ማን እንዳሰበው ጠየቅሁት። ሰይድ ፈርቶ ነበር አለኝ፤ አሊን ያውቀዋል፤ በድንኳኑ ፊት እንዲያ አድርጌ አላልፍም ብሎ ነበር። ያሳመኑት እናቱ ናቸው። ጠዋት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ለቅሶው ሊወጡ በር ላይ ቆመው የተናገሩትን፣ ልጁ ሣጥኑ ውስጥ ሆኖ ሰምቷል፦

«ድንኳኑ ጋ ስትደርስ ክፈተው፣ ይስደቡህ፣ ሲሰድቡህ አይፈትሹህም። ያ የማይበቃ እንደሆነ እኔም እዚያ ሆኜ እጮሃለሁ።»