ያደምንበት ቪዲዮ

ለቅሶ ቤት የተባለ ለቅሶ ቤት ይቀራል፤ ደንቡ ይህ ነበር። ሐዘንተኛ በሙሾ መሀል አማት ቢነካ፣ የልጅን ክፉ ሥራ ቢያወጣ፣ ማንም ቂም አይዝበትም። «ሐዘን ነው ያናገረው» ይባላል፣ ንፍሮ ይበላል፣ ወደ ቤት ይኬዳል። አበው «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ያሉት ለአዘቦት ወሬ ነው እንጂ ለሙሾ አልነበረም። ስልክ እስኪመጣ ድረስ ማለቴ ነው።

ሰፈራችን መንደራ ቆጪ ውስጥ እትዬ አስካለን የማያውቅ ቀባሪ የለም። እሳቸው ሙሾ ካላወረዱለት ሟቹ ራሱ የሞተ አይመስለውም። ያን ጊዜ ግን ሰርቦ ከተማ ላይ የሞተባቸው የገዛ ወንድማቸው ነበር። ደረታቸውን እየደቁ እንዲህ አሉ፦

«ልጅ አለው ይሉኛል፣ ወንድሜን ልጅ አለው፤
ጎረቤት አይደል ወይ ውሃ ያቀበለው።»

ለቀስተኛው ሁሉ ተንሰቀሰቀ። አንዱ ታዲያ ከኋላ ቆሞ ኖሮ ቀረጸ፤ የጭፈራ ሙዚቃ ጨምሮ፣ የሚስቁ ፊቶች ደርድሮ አንድ የቪዲዮ አፕ ላይ ለቀቀው። ሳምንት ሳይሞላ ቪዲዮው አዲስ አበባ የሟች ልጅ ዘንድ ደረሰ። እትዬ አስካለ አዝለው ያሳደጓት ናት፤ በየእሁዱ ትደውልላቸው ነበር። «አገር ምድሩን አሳቁብኝ!» ብላ ስልኩን ዘጋችባቸው። ከዚያ ወዲያ ቢደውሉም አታነሳም።

እድርተኛው ተናደደና አደምን። ቪዲዮው እስኪነሳ ያንን አፕ የሚከፍት ሰው አይኑር ተባለ። ጎረቤቴ አቶ ከድር «ወላሂ፣ ዛሬውኑ ከስልኬ አጠፋዋለሁ» አሉ፤ እኔም በሚካኤል ማልኩ። እትዬ አስካለ እንባቸው እየወረደ፣ «ማሎ፣ እባካችሁ ልጆቼ፣ ከልጄ አስታርቁኝ እንጂ ሌላ ምን እፈልጋለሁ!» አሉን።

እንግዲህ ያደመ ሰው አድማው መሥራት አለመሥራቱን ማወቅ ይፈልጋል፣ አይደል? ለማወቅ ደግሞ መክፈት ነው። ጠዋት ከፍቼ አየሁ፤ አልተነሳም። ማታም አየሁ። አቶ ከድርን ባጃጅ ውስጥ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ያዝኳቸው። «ተነስቶ እንደሆነ ብዬ ነው እንጂ…» አሉኝ። ለካ ሰፈሩ በሙሉ ይህንኑ ሲያደርግ ነው የከረመው! አፑ ምን ያውቃል? ሰው ወደደው ብሎ ላላየው ሁሉ ያቀርበው ጀመር። ሰቃ ገበያ ሳይቀር የእትዬ አስካለ ሙሾ እየተዜመ ተሳቀ። የአፑ ባለቤቶች ማደማችንን የሰሙ አይመስለኝም። ልጅቷም በሄደችበት ሁሉ ሙሾው ቀድሟት እየጠበቃት፣ እስከ ዛሬ አልታረቀችም።

ባለፈው ወር የእድራችን ዳኛ አረፉ። ቀብሩ ላይ ሁሉም ዞሮ እትዬ አስካለን ጠበቀ። እሳቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል።

«ኧረ እትዬ፣ አንድ ይበሉላቸው» አልኩ ጠጋ ብዬ።

እሳቸው የሚያዩት ፊታችንን ሳይሆን እጃችንን ነው። ነገሩ ሲገባን፣ አንድ በአንድ ስልክ ያልያዘ ባዶ እጃችንን ዘርግተን አሳየናቸው። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ወደ ኪሳችን አወረዱ።

ዳኛው ሙሾ ሳይወርድላቸው ተቀበሩ።