የክብርት ቆይ ልጸልይበት ድምፅ

ይህቺን ሴትዮ የማያውቅ ሰው የለም። እናንተ ጋ ምናልባት አክስት ናት፣ ምናልባት የቢሮ ባልደረባ፣ ምናልባትም የቤት አከራይ። መሰላል አበድሪን ብትሏት፣ ድግስ ብትጠሯት፣ ወንበሩን ሳብ አድርጊልን ብትሏት መልሷ ያው ነው፤ «ቆይ፣ ልጸልይበት።» ከዚያ በር ይዘጋል፤ እናንተም ደጅ ቆማችሁ ትቀራላችሁ።

ለእኔ የደረሱኝ ደግሞ ዘማሪት ናቸው። ሥራዬ መዝሙር መቅዳት ነው። እሳቸው ሠላሳ ዓመት የዘመሩ፣ ስማቸው የተጠራ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው የሚራመዱ ሴት ናቸው። ክብርት ቆይ ልጸልይበት ብዬ የሰየምኳቸው በልቤ ነው፤ በአፌ «እትዬ» ነው የምላቸው።

ስቱዲዮዬ ሁለት ክፍልና አንድ ኮተት ማስቀመጫ ነው። ክብርነታቸው ከሁለቱ ክፍሎች ይልቅ ኮተት ማስቀመጫውን ወደዱት። በተጠቀለለ ገመድና እግሩ በተሰበረ ኪቦርድ መሃል ገብተው በሩን ይዘጋሉ። የመዝሙሮቹን ቅደም ተከተል ለመወሰን አርባ ደቂቃ፣ ማይክሮፎን ለመምረጥ ሃያ። አንድ ቀን ሻይ ይሻልዎታል ውሃ ብዬ ስጠይቃቸው ያንን በር አየት አደረጉ፤ እኔም ፈጠን ብዬ ውሃ ቀዳሁላቸው።

እኔ ደግሞ ያላወቅኩት ነገር ካለ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። እዚያ ውስጥ ገብተው ምን እንደሚሉ ለማወቅ ጓጓሁ። አብሮን የሚሠራው ኪቦርድ ተጫዋች ሸለብ ያደርጋቸዋል እንጂ ሌላ ምን ይኖራል ይላል። የሚያጅባቸው ኳየር መሪ ደግሞ መወሰን ስለሚፈሩ ነው ባይ ነው። እኔ ሁለቱንም አላመንኳቸውም።

ሌላው አመላቸው ያልኖሩትን ስንኝ አለመዘመር ነው። የመዝሙሩ ገጣሚ የበደለኝን ይቅር አልኩ ብሎ ጽፎላቸው ነበር። «ይቅር» ላይ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። ለካ ከኳየሩ አንዲት ሴት ጋር በመቀመጫ ቦታ ተኳርፈው ሁለት ወር ሆኗቸዋል። የጆሮ ማዳመጫውን አውልቀው ወጡ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሴትየዋን ክንዷን ይዘው ተመለሱ፤ አብራኝ ካልዘመረች ብለውም ድርቅ አሉ። ሦስተኛው መዝሙር ላይ ከኋላ የምትሰማው እሷ ናት። ድምፅዋ ለእርቅ እንጂ ለመዝሙር የሚሆን አልነበረም፤ ግን ማን ደፍሮ ይናገራል?

ነገሩ የከረረው አራተኛው መዝሙር ላይ ነው። እሳቸውን እሳቸው ያደረጋቸው መዝሙር ነው፤ እንደገና ልንቀዳው ነበር። መሃሉ ላይ አንዲት ከፍ ያለች ቦታ አለች፤ ጉባኤው እሷን እየጠበቀ ከወንበሩ ይነሣል። አሥራ ሰባት ጊዜ ቀዳን፤ አሥራ ሰባቱንም ጊዜ ድምፃቸው እዚያች ላይ ሲደርስ ተሰነጠቀ። ዕድሜ ነው። የኳየሩ መሪ ወደ ጎን ወሰደኝና እንዲህ ሆኖ ከወጣ አበቃላቸው ይባላል፣ ከእንግዲህ መድረክ የሚሰጣቸው የለም አለኝ። እሳቸው ሲሄዱ በኮምፒውተር ስንጥቋን ደፈንኳት፤ ድምፁንም ወደ ላይ ጎተት አደረግኩት። በሙያችን የተለመደ ነገር ነው፤ ሁሉም ያደርገዋል፣ ማንም አያወራውም።

በማግስቱ አሰማኋቸው።

«ይሄ እኔ ነኝ?» አሉ።

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው፣ እትዬ?» አልኳቸው።

ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። የኮተት ማስቀመጫው በር ሳይዘጋ የዋለው ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ሞኙ ሥራው ያለ ጸሎት አለፈልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ሲመጡ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳይሰጡኝ ኮተት ማስቀመጫው ውስጥ ገቡ። ክፍሉ ጠባብና ድምፅ የማያስተጋባ ስለሆነ ጠዋት ከበሮ ቀድቼበት ነበር፤ ማይክሮፎኑን ሳልዘጋው ረስቼዋለሁ። ድምፃቸው በጆሮ ማዳመጫዬ መጣ። የማይክሮፎኑ መዝጊያ ከጣቴ አንድ ስንዝር አይርቅም። አልዘጋሁትም። አሁንም ሳስበው አፍራለሁ።

«ጌታ ሆይ፣ ያ ድምፅ የእኔ እንዳልሆነ በመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ። ደስ ስላለኝ ዝም አልኩ። አበቃላት እንዳይሉኝ ፈራሁ። ልጁ ለእኔ ብሎ ነው የዋሸው፤ በእሱ ላይ አትቁጠርበት።»

ከዚያ በኋላ ዝምታ ነው። ረጅም ዝምታ። ንግግሩማ አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ ያን ሁሉ ጊዜ የሚፈጀው ዝምታው ኖሯል። እኔ ስዋሽ ያልከበደኝን ውሸት እሳቸው ሦስት ቀን ተሸክመውት ሰንብተዋል።

ሲወጡ ማይክሮፎኑ ክፍት እንደነበረ፣ እኔም ሁሉንም እንደሰማሁ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ «እንግዲያው ሁለቴ ከመናገር ገላገልከኝ» ብለው መቅጃው ክፍል ገቡ። አንድ ጊዜ ብቻ ዘመሩ። ድምፃቸው እዚያች ቦታ ላይ እንደለመደው ተሰነጠቀ፤ እሳቸውም ሳይሸሹ አለፉባት።

«በቃ፣ ይሄው ነኝ» አሉ። «አበቃላት የሚል ይበል።»

የቀረው የተጠገነውን ማጥፋት ነበር። አጠገቤ ተቀመጡ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ሲደርስ ግን ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«አንዴ ብቻ አሰማኝ እስቲ።»

አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ያችን ቦታ ጠበቁ። ስትመጣ ፊታቸው እንደ ልጃገረድ ፊት በራ። «እንዲህ ነበርኩ እኮ» አሉ ቀስ ብለው። ቀጥለው አጥፋው አሉኝ፤ አጠፋሁት።

ቦርሳቸውን አንሥተው ወደ በሩ ሲያመሩ ከወንበሬ ተነሣሁ። በእኛ ሙያ ሁለተኛ ቅጂ የማያስቀምጥ የለም።

«እትዬ» አልኳቸው፣ «ሌላም ቅጂ አለኝ።»

ቆሙ። ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ተመልሰው ቦርሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«እንግዲያው» አሉ ወንበሩ ላይ እየተመቻቹ፣ «እሱንም ከማጥፋትህ በፊት አንዴ አሰማኛ።»